ጭስ የጠገበ ጣራ፦ የላስታ ካህናት ደርብ ቤት

ዱብቲ ላይ ቤት ፈረሰ ቢባል ማንም አይደነግጥም። የአፋር ሴቶች ዳቦይታቸውን ነቅለው፣ ሰሌኑን ጠቅልለው፣ የጎበጡትን እንጨቶች አስረው ግመል ላይ ሲጭኑ ቤቱ መንገድ ጀመረ ማለት ነው። እኔ ይህን እያየሁ አደግሁ። አባቴ ግን የላስታ ሰው ነው፤ እንደ ብዙ ወሎዬ ለተንዳሆ ጥጥ ለቀማ ወርዶ አዋሽ ዳር የቀረ። እሱ ስለ ቤት ሲያወራ የሚያነሳው ድንጋዩን፣ ደረጃውን፣ ከታች በግ የሚያድርበትን፣ ከላይ ዳዊት የሚደገምበትን ክብ ቤት ነበር። አያቴ ላሊበላ ቄስ ነበሩ፤ ያ ቤት የእሳቸው ነው።

ውጭ አገር ላደጋችሁ መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እናንተ ባላችሁበት አገር የቄስ ቤት ማለት ብዙ ጊዜ ደብሩ ያሠራው፣ አንዱ ካህን ሲሄድ ሌላው የሚገባበት ቤት ነው። እኛ ዘንድ የደብር ቄስ ቅስና ከመቀበሉ በፊት ያገባል፤ ቤቱ የሚስቱና የልጆቹም ነው። የማዕረግ ቤት ጭራሽ አልነበረም ለማለት አይደለም፤ ጎንደር ውስጥ እጨጌ ቤት የሚባለው ሰፈር የመነኮሳት አለቃ የሆነው የእጨጌው መቀመጫ ነበር፣ የተሰደደ ሰውም ገብቶ ይማጸንበት ነበር። ተራው ካህን ግን የሚኖረው በራሱ ጎጆ ነው፤ የሚኖረውም ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር። ቅዳሴ ቢያንስ 5 ልዑካን ይፈልጋል፤ አንዱ ከጎደለ አይቀደስም። ማኅሌቱ ደግሞ የሌሊት ነው። ሩቅ የሚኖር ካህን በዚያ ጨለማና ዳገት እንዴት ይደርሳል? ለአገልግሎቱም የሰሞን መሬት ይይዝ ነበር፤ ይህ ሥርዓት ያበቃው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ነው።

ላሊበላ ላይ 11ዱን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ስታዩ ዙሪያቸውንም ተመልከቱ። ቤተ ክርስቲያኑ ከላይ ወደ ታች ተፈለፈለ፤ የካህኑ ቤት ከታች ወደ ላይ ተካበ። ድንጋዩ የዚያው አካባቢ ቀይ ድንጋይ ነው። በ1970 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1978) ላሊበላ በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ዓለም የሚያውቀው አብያተ ክርስቲያናቱን ሆነ እንጂ፣ ዩኔስኮ ስለ ቦታው ሲገልጽ እነዚህን ባለ ሁለት ደርብ ክብ ቤቶችም የላስታ ቱኩል ብሎ ያነሳቸዋል።

ለምን ክብ ሆኑ? ድንጋይ በጭቃ ሲያያዝ ደካማው ቦታ ማዕዘኑ ነው፤ ማዕዘን በልክ የተጠረበ ድንጋይ ይፈልጋል። ክቡ ቤት ማዕዘን የለውም፤ ሸክሙን ዙሪያውን ይካፈለዋል፤ ረጅም እንጨትም ብዙ አይጠይቅም። ጭቃው ኖራ አይደለም። የጎንደር ነገሥታት በ17ኛው መቶ ዘመን ግንባቸውን በኖራ አስገነቡ፤ ካህኑ ግን ያለው አፈር፣ ውኃና ጭድ ነው። ጭቃ ደግሞ ጠላቱ ዝናብ ነው። ስለዚህ የሣር ክዳኑ ከግድግዳው አልፎ እንደ ባርኔጣ ጠርዝ ይንጠለጠላል፤ የክረምቱ ፍሳሽ ከግድግዳው ርቆ እንዲወርድ።

ወደ ላይ የሚያወጣው ደረጃ ብዙውን ጊዜ ከውጭ ነው፤ የግድግዳውን ክብነት ተከትሎ ይወጣል። በአያቴ ቤት ምድር ቤቱ የከብትና የበግ ነበር። ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው የላስታ ብርድ የዋዛ አይደለም፤ የከብቱ ትንፋሽ ወለሉን አልፎ ለሰው ይደርሳል። ወለሉ በግንድ ላይ እንጨት ተረብርቦ፣ አፈር ተደልድሎ፣ በእበት የተለቀለቀ ነው። አፈር ስለሆነ እሳት ይችላል፤ ምድጃው እዚያው ላይ ነበር። በግድግዳው ዙሪያ መደብ አለ፤ ከበላዩ መስኮት እንጂ ጭስ ማውጫ የለም። ጭሱ በሣሩ ውስጥ ቀስ እያለ ያልፋል።

ይህን ጭስ ልጅ ሳለሁ እንደ ጉድለት ነበር የማየው። ኋላ ገባኝ። ጭስ ሣሩን ያደርቀዋል፣ ነቀዝና ምስጥ ከማገሩና ከወራጁ ያርቃል፣ እንጨቱን በጥቀርሻ ይለብጠዋል። ምድጃው ሲጠፋ ሣሩ ይረጥባል፣ ይበሰብሳል፤ ዝናብ በግድግዳው አናት ይገባል፤ ጭቃው ታጥቦ ይወርዳል፤ ግድግዳው ያብጣል፣ ከዚያ ይናዳል። ቤቱን የሚያኖረው ምሰሶው ብቻ አይደለም፤ በየማለዳው እሳት የምታነደው ሴት ናት። ስለ ቅርሳችን ሲጻፍ ይህች ሴት ተረስታ ስትቀር ያመኛል። ዱብቲ ላይ ዳቦይታውን የምትሠራው ሴት መሆኗን ሁሉም ያውቃል፤ ላስታ ላይ ግን ቤቱ የሚጠራው በቄሱ ስም ነው።

በ2000ዎቹ ዓ.ም. በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ይኖሩ ከነበሩት ብዙዎቹ ወደ ሌላ ሰፈር ተዛውረዋል። ከላይ የሚወርድ ፍሳሽ ውቅሩን ድንጋይ ይጎዳል የሚለው ስጋት እውነተኛ ነው፤ አልክደውም። ነገር ግን ደርብ ቤት ሰው ሲወጣበት ቅርስ ሆኖ አይቆይም፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ ዕድሜው ይቆጠራል። በሌላ ወገን ቆርቆሮ መጣ። ቆርቆሮ ቀጥ ያለ ነገር ነው፤ በክብ ግድግዳ ላይ ያለ ብክነት አይገጠምም። ስለዚህ ቤተሰቡ ሣር ማስከደን ሲያቅተው ጣራውን ብቻ አይቀይርም፣ ቀጥሎ የሚሠራው ቤት ራሱ አራት ማዕዘን ይሆናል። ማንም በዚህ ሊወቀስ አይገባም፤ በየጥቂት ዓመቱ ሣር ማጨድና ማስከደን ከባድ ወጪ ነው።

ከሰመራ የምትነሱ ከሆነ በሚሌና በጭፍራ ወልዲያ፣ ከዚያም በጋሸና አድርጋችሁ ትወጣላችሁ። በመንገዱ ላይ ሰሌኑ በድንጋይ ሲተካ ታያላችሁ፤ ቆላው ነፋስ የሚያሳልፍ ግድግዳ ይሻል፣ ደጋው ሙቀት የሚይዝ። ላሊበላ ስትደርሱ ከአብያተ ክርስቲያናቱ ቀጥሎ ደርብ ቤት ያለው ቤተሰብ ፈልጉ፣ ደጃፉ ላይ ሆናችሁ "ቤቶች!" በሉ። ከጋበዟችሁ ደረጃውን ውጡ፤ በሩ ዝቅተኛ ነው፣ አንገታችሁን ደፋ አድርጉ። ቡናው እስኪፈላ ቀና ብላችሁ ወራጁን እዩ፤ ከፈቀዱላችሁ በጣታችሁ ንኩት። አባቴ እንደሚለው ጥቀርሻው እንደ ቅባት የሚያብለጨልጭ ከሆነ ምድጃው ዛሬም ይነዳል፤ ደርቆ እጃችሁ ላይ ከረገፈ እሳቱ ከጠፋ ቆይቷል።