የሴቶች ይዞታ ከደጋ ዳሞት እስከ ሶማሌ

በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ከአንድ ገበሬ ቤት የመሬት ይዞታ ደብተሩ ወጥቶ ሲገለጥ የባልና የሚስት ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ተለጥፎ ይታያል። ከአማራ ክልል ቀድማ በ1990 እና በ1991 ዓ.ም. ደብተር የሰጠችው ትግራይ ግን የመዘገበችው የቤተሰቡን ኃላፊ ብቻ ነበር፤ ኃላፊው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ባል ነው።

ጎጃም ለሴቶች የመሬት መብት እንግዳ አይደለም። በቀድሞው የርስት ሥርዓት መሬት በአባትም በእናትም ወገን ይወረስ ስለነበር ሴት ልጅ ድርሻዋን መጠየቅ ትችል ነበር። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት አለን ሆቤን ደጋ ዳሞት ተቀምጦ ይህን አጥንቷል፤ መጽሐፉም እ.ኤ.አ. በ1973 ታትሟል። ፍቺም ቢሆን ብርቅ አልነበረም፤ በሰማንያ የተጋቡ ሲለያዩ አብረው ያፈሩትን ይካፈላሉ። በጉራጌ ግን ለዚህ መብት ትግል አስፈልጎ ነበር፦ በ19ኛው መቶ ዘመን የቃቄ ውርድወት የተባለች ሴት በየጆካ ሸንጎ ፊት ቆማ ስለ ጋብቻና ስለ ፍቺ ተሟግታለች።

ታዲያ መሬት የምትወርሰው የጎጃም ልጅ ስንት ዓመቷ ላይ ትዳራለች? እ.ኤ.አ. የ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው፣ በአማራ ክልል ከ25 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች ግማሾቹ ያገቡት 16.2 ዓመት ሳይሞላቸው ነው። በአዲስ አበባ ይኸው ቁጥር 23.9 ነው። የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ የጋብቻ ዕድሜ 18 ዓመት ነው ቢልም፣ ወላጅ ስለ ልጁ ክብር ይሰጋል፣ ዝምድና ማጥበቅም፣ በሕይወት ሳለ ወግ ማዕረግ ማየትም ይሻል።

ልማዱ አይነቀነቅም ማለት ግን አይደለም። በምዕራብ ጎጃም ሞሰቦ ቀበሌ እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2006 የተሞከረው «ብርሃነ ሔዋን» የተባለ መርሐ ግብር የትምህርት ቁሳቁስ አቀረበ፤ ሳትዳር ለቆየች ልጅም የቤት እንስሳ ሸለመ። ከ10 እስከ 14 ዓመት ባሉት ልጆች ዘንድ ጋብቻ እጅግ ቀነሰ።

የሴት ልጅ ግርዛት ሌላ ካርታ ይሥላል። በዚያው የ2016 ጥናት ሶማሌ 99፣ አፋር 91፣ አማራ 62 በመቶ ሲሆኑ ትግራይ 24 በመቶ ነች። ሚስትን ከደብተር ያስቀረችው ክልል እዚህ ላይ ከሁሉም ትሻላለች፤ ስለዚህ ክልሎችን በአንድ መሰላል መደርደር ስሕተት ነው።

በጎጃም ደጋ መሬት ላላት ሴት ትልቁ ማነቆ እርሻው ላይ ነው። ሴት ታርማለች፣ ታጭዳለች፣ እርፍ ግን አትጨብጥም። ባሏ የሞተባት ወይም የተፋታች ሴት መሬቷን ለእኩል አራሽ ሰጥታ ምርቱን ትካፈላለች። በሬ መግዣና አራሽ መቅጠሪያ ብድር ለእነዚህ ሴቶች መድረስ አለበት።