ደመወዝን ትቶ ወደ ሽርክና ንግድ ስለ መግባት

በሐሙሲት ገበያ የፎገራ ሩዝ ሲሸጥ ገዢው እፍኝ ዘግኖ ዐይቶ ነው የሚከፍለው። ዛሬ ግን በእጅ ስልክ የሚመጣ ሌላ ንግድ አለ። ይኸውም፦ «ሥራህን ተው፤ ገንዘብ ከፍለህ ሸሪክ ሁን፤ አምስት ሰው አምጣ» የሚል ነው። ደመወዙ የልጆቹ ቀለብ የሆነ አባት እንግዲህ ምን ይወስን?

አስቀድሞ ሒሳቡን ይመርምር። አንዱ አምስት ሰው፣ አምስቱም እያንዳንዳቸው አምስት አምስት ሰው ቢያመጡ፣ በሰባተኛው ዙር 78,125 አዲስ ሰው ያስፈልጋል። ይህን ያህል ሰው ከየት ይገኛል? ስለዚህ በመጨረሻ የገቡት ለፊተኞቹ ከፍለው ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813ም እንዲህ ያለውን የፒራሚድ ሽያጭ ከልክሏል።

በስልክ መነገድ በራሱ ነውር አይደለም። ክፍያው ስለ ተሸጠው ዕቃ ብቻ ከሆነ እውነተኛ ሥራ ነው። ከአዲስ ገቢዎች መዋጮ የሚመጣ ከሆነ ግን የሌላውን ኪሳራ መብላት ነው፤ ያም ሌላው ሰው ማኅበርተኛችንና አበልጃችን ነው።

ቅዱስ ጳውሎስ ወንጌልን እየሰበከ ሳለ ድንኳን ይሰፋ ነበር። እኛም አዲሱ ንግድ ቤት የሚያኖር መሆኑን አንድ ዓመት ሙሉ ሳናይ የቀድሞውን ሥራ አንልቀቅ፤ ከትዳር ጓደኛችንና ከንስሓ አባታችን ጋር ሳንመክርም አንወስን። እግዚአብሔር ማስተዋልን ያድለን፤ አሜን።