ካላዛር የሚገባበት የቅባት በር

ከሽንፋ እስከ መተማ ባለው ቆላ ዋልካው መሬት በበጋ ይሰነጣጠቃል። የአሸዋ ዝንብ ቀኑን በስንጥቁ ውስጥ ተሸሽጋ ውላ፣ ሲመሽ ከዋጩ ግራሩ አካባቢ ትወጣለች። ከትንኝ ታንሳለች፤ ድምፅም የላትም። ከደጋ ለሰሊጥና ለማሽላ ሥራ ወርዶ ሜዳ ላይ የሚያድረውን ሰው የምታገኘው ያኔ ነው። ብዙውን ጊዜ ወራት አልፈው ትኩሳቱ አልለቅ ይላል፤ ሰውነት ይከሳል፣ ጣፊያ ያብጣል። በሽታው ዝንቧ ስትነክስ በምታስገባው ተውሳክ የሚመጣው ካላዛር ነው፤ ካልታከመ ይገድላል።

ዝንቧን የአካባቢው ሰው ያውቃታል። እኔ ላስተዋውቅ የፈለግሁት ተውሳኩ የሚኖርበትን ህዋስ፣ ማክሮፌጅን ነው። ከነጭ የደም ህዋሳት ወገን የሆነ በላተኛ ነው፤ ጣፊያ፣ ጉበትና መቅኔ ውስጥ ተቀምጦ ባዕድ ነገር ሲያገኝ ይውጣል። ሲውጥ የራሱን ሽፋን ወደ ውስጥ ስቦ ከረጢት ያበጃል። ሽፋኑ ስብ ስለሆነ ተቆርጦ መልሶ መግጠም አይቸግረውም። ከረጢቱ ወዴት እንደሚሄድ የሚወሰነውም በስብ ነው። መተማ ኬላ ላይ በየደረጃው ማኅተም እየተመታለት እንደሚያልፍ የጭነት መኪና፣ በከረጢቱ ላይ ፎስፎኢኖሲታይድ የሚባሉት ቅባቶች እየተለዋወጡ ወደ ሊሶዞም ያደርሱታል። ሊሶዞም አሲድና ፈጪ ኢንዛይም የሞላበት ቋት ነው፤ እዚያ የደረሰ ባክቴሪያ አብዛኛውን ጊዜ አለቀለት።

የካላዛር ተውሳክ፣ ሌይሽማኒያ ዶኖቫኒ፣ ግን አያልቅለትም። ዝንቧ ስታስገባው ገላው ላይ በስብ የተተከለ ረጅም የስኳር ሰንሰለት አለው። ይህ ሰንሰለት ከከረጢቱ ሽፋን ጋር ይቀላቀልና ከሊሶዞም ጋር መግጠሙን ያዘገየዋል። ተውሳኩ በዚያ ፋታ ጅራቱን አሳጥሮ ይድበለበላል፣ አሲዱንም ይለማመዳል። ከዚያ ወዲያ ሊገደልበት የነበረው ቋት መራቢያው ይሆናል።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ሌላው ተንኮሉ ነው። ፎስፋቲዲልሰሪን የሚባል ስብ አለ፤ ጤነኛ ህዋስ በሽፋኑ የውስጥ ገጽ ይደብቀዋል፣ የሚሞት ህዋስ ግን ወደ ውጭ ያወጣዋል። ማክሮፌጅ ይህን ምልክት ሲያገኝ ሬሳ እንደሚያነሳ ሰው ድምፁን አጥፍቶ ይውጣል፤ ጎረቤቶቹንም የሚያረጋጋ ኬሚካል ይረጫል። ሌይሽማኒያም ሳይሞት የሙታኑን ስብ ለብሶ ይቀርባል። በዚህ ላይ በላተኛው መከላከያውን ለሚያነቃቁት ቲ ህዋሳት የጠላትን ምልክት የሚያሳየው በሽፋኑ ላይ ነው፤ ተውሳኩ የሽፋኑን ኮሌስትሮል ሲያሳንስበት ማሳየቱ ይደክማል። ወሬው ሳይደርስ ጣፊያው እያበጠ ይሄዳል።

ከመድኃኒቶቹ አንዱ፣ ሊፖሶማል አምፎቴሪሲን፣ በዚሁ በር ነው የሚገባው። አምፎቴሪሲን ብቻውን ኩላሊት ይጎዳል። ስለዚህ ከፎስፎሊፒድና ከኮሌስትሮል በተሠራች፣ ከአንድ ሚሊሜትር አሥር ሺህኛ በምታንስ ኳስ ውስጥ ይከተታል። ማክሮፌጅ ኳሷን እንደ ልማዱ ይውጣል፤ መድኃኒቱም ተውሳኩ ካለበት ህዋስ ድረስ በበላተኛው አፍ ይደርሳል። እዚያም የሰው ህዋስ ከማይሠራው ኤርጎስቴሮል ከሚባለው የተውሳኩ ስብ ጋር ተጣብቆ ሽፋኑን ይበሳል።

ችግሩ ሌላ ነው። ህንድ ውስጥ ለአንድ ኪሎ ክብደት 10 ሚሊግራም በአንድ ጊዜ ይበቃል። በምሥራቅ አፍሪካ ያ መጠን ስለማይበቃ በተደጋጋሚ እየተሰጠ እስከ 30 ሚሊግራም ይደርሳል፤ ይህም 50 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 50 ሚሊግራም የሚይዙ 30 ብልቃጦች ማለት ነው። ብልቃጡ ደግሞ ከ25 ዲግሪ በላይ ሙቀት አይወድም፤ መተማ ላይ ይህን ማሟላት ቀላል አይደለም። ስለዚህ በአገራችን መደበኛው ሕክምና አሁንም ለ17 ቀን የሚወጋው የሶዲየም ስቲቦግሉኮኔትና የፓሮሞማይሲን ጥምር ነው፤ የስብ ኳሷ ለጠናባቸውና ኤችአይቪ ለተደረበባቸው ትቀመጣለች።

ለእነዚህ ለመጨረሻዎቹ ሚልቴፎሲን የሚባል በአፍ የሚወሰድ መድኃኒት ይታከልበታል። ለካንሰር ታስቦ የተሠራ ነበር፤ እሱም ራሱ የስብ ዘር ነው። ጥምሩ ጎንደርና አብደራፊ ላይ ተሞክሮ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ኤችአይቪ ላለባቸው የካላዛር ሕሙማን እንዲሰጥ መክሯል።