ባዶውን ቀለህ የሚከረክመው ማሽን፤ የትኛው ይሻላል?

ባለፈው ሰሞን ከጣርማ በር በታች ካለው መንደራችን ስልክ ተደወለልኝ። ደዋዩ የአክስቴ ልጅ ነው። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ማሾውና ስለ ከብቱ ከተጠያየቅን በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጋሼ፣ አንድ ማሽን ትልክልኛለህ?» አለኝ። የውሃ ፓምፕ መስሎኝ ነበር። ለካ ልጁ በስልኩ አንድ ቪዲዮ አይቷል። አንድ አሜሪካዊ ባዶ የጥይት ቀለህ በኤሌክትሪክ ማሽን አፍ አፉን እየከረከመ ሲደረድር ነው ያየው።

«እዚህ ቀለህ እንደ ጠጠር ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ከደረሰ ወዲህ በየማሳው ይለቀማል። አንተ ደግሞ እዚያ ጥይት ትሞላለህ ሲሉ ሰምቻለሁ። ጥሩውን መርጠህ ላክልኝ» አለ።

የሰማው እውነት ነው። የምኖረው ኮሎራዶ ነው። በየመከሩ ፈቃድ አውጥቼ አጋዘን አድናለሁ፤ የምተኩሰውንም ጥይት ራሴ እሞላለሁ። በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ሰው ለገዛ ጠመንጃው ጥይት ለመሙላት ፈቃድ አይጠየቅም፤ ሞልቶ መሸጥ ካሰበ ግን ፈቃድ ያስፈልገዋል። ልጁን በአንድ ቃል «አይሆንም» ብዬ ልዘጋበት አልፈለግሁም። ለምን እንደማይሆን የሚገባው ማሽኑ ምን እንደሚሠራ ሲያውቅ ነውና አስረዳሁት። ለእናንተም ለአንባቢያን እነሆ።

ቀለህ ለምን ይከረከማል?

ጥይት አራት ነገር ነው፤ ቀለህ፣ ካፕሱል፣ ባሩድና አረር። ሲተኮስ ባሩዱ ይነድዳል፣ አረሩ ይሄዳል፣ ቀለሁ ከተመታው ካፕሱል ጋር ይቀራል። የነሐስ ቀለህ በተኩሱ ግፊት ይነፋና ጠመንጃው ውስጥ ካለው ማጉረሻ ግድግዳ ጋር ይጣበቃል፤ ወዲያው መለስ ስለሚል ይወጣል። እንደገና ለመሙላት ግን ዳይ በሚሉት የብረት ቅርጽ ውስጥ ተጨምቆ ወደ ቀድሞ ውፍረቱ መመለስ አለበት። ሊጥ በእጅ ሲጨምቁት በጣት መሃል እንደሚወጣ ሁሉ፣ ነሐሱም ሲጨመቅ ወደ አንገቱ ይሸሻል። ስለዚህ ቀለሁ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ይረዝማል።

ጥቂት ስል በእውነት ጥቂት ነው። እኛ አገር «ኤም ዋን» የሚባለው የአሜሪካ ጠመንጃ የሚጎርሰውን .30-06 ጥይት እንውሰድ። የቀለሁ ርዝመት ከ63.35 ሚሊ ሜትር ማለፍ የለበትም፤ ሲከረከም ወደ 63.09 ይወርዳል። ልዩነቱ ሩብ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከልኩ ያለፈ ቀለህ አፉ በርሜሉ ከሚጀምርበት ጠባብ ቦታ ይገባና አረሩን እንደ ጉጠት ይይዘዋል። አረሩ በጊዜው ካልተለቀቀ የባሩዱ ግፊት ከልክ በላይ ይወጣል። ጠመንጃ በባለቤቱ ፊት ላይ ሊፈነዳ የሚችልበት አንዱ መንገድ ይኸው ነው።

እኔም ተምሬዋለሁ። በሁለተኛው ዓመቴ «ሦስት ጊዜ ብቻ የተተኮሰ ነው፣ ምን ይረዝማል?» ብዬ ሳልለካ ሞላሁ። መዝጊያው እምቢ ሲል በጉልበት ዘጋሁትና ተኮስኩ። ቀለሁን ሳወጣው ካፕሱሉ ጠፍጥፎ ነበር። የቀሩትን ብለካቸው ሁሉም ከልክ በላይ ረዝመዋል። ፈጣሪ አተረፈኝ።

የቱን ልምረጥ?

ማሽን ከመግዛታችሁ በፊት ካሊፐር ግዙ። ርዝመቱን የማይለካ ሰው የሚከረክመውን አያውቅም። ካሊፐሩ ከተገኘ በኋላ ራሳችሁን ሦስት ጥያቄ ጠይቁ።

አንደኛው፣ በዓመት ስንት ቀለህ? ሃያም ሃምሳም ከሆነ ትልቅ ማሽን አያስፈልግም። ሊ የተባለው ኩባንያ የሚሸጠው ትንሽ መክርከሚያ በተራ ድሪል ላይ ይታሰራል። መሃሉ ላይ ያለው ዘንግ በቀለሁ ውስጥ አልፎ በካፕሱሉ ቀዳዳ ይወጣና ከታች ሲነካ ስለቱ ይቆማል። ዋጋው ርካሽ ነው፤ ርዝመቱ በፋብሪካ ስለተወሰነም ለስህተት አያጋልጥም። ችግሩ ለእያንዳንዱ የጥይት ዓይነት የራሱ ዘንግ መፈለጉ ነው።

ሁለተኛው፣ ማሽኑ የሚለካው ከየት ነው? ዋናው ጥያቄ ይህ ነው። አር.ሲ.ቢ.ኤስ.ና ላይማን ከሚሠሯቸው አንዳንዶቹ እንደ ትንሽ ቶርኖ ናቸው፤ ቀለሁን ከመቀመጫው ይይዙትና ከዚያ ይለካሉ። ለብዙ ዓይነት ጥይት ያገለግላሉ፤ ግን እያንዳንዱን ማሰርና መፍታት ስላለ ሥራው ይጓተታል። እንደ ጂሮድና ፍራንክፈርድ አርሰናል ያሉት ደግሞ ከቀለሁ ትከሻ ይለካሉ። ቀለሁን በእጅ ገፋ አድርጎ አዙሮ ማውጣት ነው፤ በጥቂት ሴኮንድ ያልቃል። እዚህ ላይ አንድ ነገር እንዳትረሱ። ከትከሻ ለሚለካ ማሽን ቀለሁ መጀመሪያ በዳይ መጨመቅ አለበት። ያለዚያ የአንዱ ትከሻ ከሌላው ስለሚለያይ የሁሉም ርዝመት የተለያየ ይወጣል።

ሦስተኛው፣ አፉንም ያስተካክላል? የተከረከመ ቀለህ አፉ ላይ እሾህ ይቀርበታል፤ ከውስጥም ከውጭም መላግ አለበት። የጂሮድ ስለት ሦስቱንም ሥራ ባንድ ጊዜ ይጨርሳል፤ ዋጋው ግን በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ነው። ሌሎች ብዙዎቹ ላይ መላጉ ለብቻው ይሠራል። ዋናው የሥራ ጊዜ የሚያልቀውም እሱ ላይ ነው።

ስለ ሞተሩ ጉልበት ብዙ አትጨነቁ። ሞተር የሚያሳርፈው የእጅን አንጓ ብቻ ነው። ልኩን የሚጠብቀው የስለቱ ማቆሚያ ነው። ባለ አንድ ጠመንጃ አዳኝ ከሆናችሁ የድሪሉ ይበቃል። ዒላማ ተኳሽ ሆናችሁ በመቶዎች የምትሞሉ ከሆነ ከትከሻ የሚለካውን ግዙ። እኔ በድሪሉ ጀምሬ ከዓመታት በኋላ ነው ወደ ሁለተኛው የተሻገርኩት።

የኛው ቀለህ

ይህን ሁሉ ከሰማ በኋላ ልጁ «ታዲያ የትኛውን ትልክልኛለህ?» አለ። መጀመሪያ ማግኔት ፈልገህ የለቀምከው ባዶ ቀለህ ላይ አስጠጋ አልኩት። በማግስቱ «ይይዛል» አለኝ። ነሐስ በማግኔት አይያዝም፤ ስለዚህ ቀለሁ ብረት ነው ማለት ነው። የክላሽ ጥይት በአብዛኛው እንዲህ ነው። ብረት እንደ ነሐስ ተጨምቆ ደጋግሞ የመመለስ ጠባይ የለውም። ዝናብ ላይ ከርሞም ይዝጋል፣ የመከርከሚያውንም ስለት ያደነዝዛል።

ቀጥሎ በባትሪ ውስጡን አብርተህ እይ አልኩት። «ሁለት ትንንሽ ቀዳዳ አለው» አለ። ይህ ደግሞ ሌላው መሰናክል ነው። መሃል ላይ አንድ ቀዳዳ ያለው አሠራር በእንግሊዛዊው ቦክሰር ስም ይጠራል፤ ካፕሱሉ በመርፌ ተገፍቶ ይወጣል። ሁለት ቀዳዳ ያለው አሜሪካዊው በርዳን የፈለሰፈው ነው። የሚገርመው አሜሪካኖች የእንግሊዙን ሲወስዱ ሩስያና አብዛኛው አውሮፓ የአሜሪካዊውን መውሰዳቸው ነው። የበርዳን ቀለህ መሃሉ ድፍን ስለሆነ መርፌውም የሊ ዘንግም አያልፉበትም።

አያቴ በድሮ ጊዜ የውጅግራን ቀለህ እየለቀሙ ይሞሉት እንደነበር ያወሩን ነበር። ይፋት ለጠመንጃ ንግድ አዲስ አይደለም። ፈረንሳዊው ባለቅኔ ራምቦ በ1879 ዓ.ም. ብዙ ጠመንጃና ጥይት ይዞ ከታጁራ ወደ ሸዋ የወጣው በፋሬ በኩል ወደ አንኮበር ነው። የውጅግራ ቀለህ ግን ነሐስ ነበር፤ ባሩዱም ግፊቱ ለስላሳ የሆነው ጥቁር ባሩድ። የዛሬው ባሩድ በቁና የሚሰፈር አይደለም። በግራም ስባሪ ይመዘናል፤ በሙቀትም ግፊቱ ይጨምራል። ጣርማ በር ጉም ውስጥ ደህና የተኮሰ ጥይት ሸዋ ሮቢት ሐሩር ላይ ሌላ ጠባይ ሊያመጣ ይችላል።

ከሁሉም በላይ ሕጉ አለ። እኛ አገር ያለ ፈቃድ ጥይት መሥራት ወንጀል ነው፤ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012ም ወጥቷል። እኔ በጓዳዬ የምሠራው ለእሱ እስር ያመጣበታል።

«እንግዲያው የለቀምኩትን ምን ላድርገው?» አለኝ። ባዶው ቀለህ ምንም አይልም፤ መልቀሙ ግን ይቅር፣ ልጆቹንም ከልክል አልኩት። ጦርነት ያለፈበት ማሳ ላይ ከባዶው መሃል ያልተተኮሰ ጥይትና ያልፈነዳ ነገር አይጠፋም። እንዲህ ያለውን ሳይነኩ ቦታውን ምልክት አድርጎ ለፖሊስ ማሳወቅ ነው።

ጥቂት ዝም ብሎ «እሺ ጋሼ፣ ማሾ የሚወቃ ማሽንስ ትመርጥልኛለህ?» አለኝ። ለዚህኛው በደስታ እሺ አልኩት። ስለሱ ግን ገና እየጠየቅሁ ነኝ።

ቸር ይግጠመን።