ቀለም የማይጎዳ የፖሊሽ ማሽን አመራረጥ

አቧራው ሳይራገፍለት በደረቅ ጨርቅ የሚወለወል መኪና ፀሐይ ላይ ሲቆም ይታወቃል፤ ኮፈኑና ፓራፋንጎው የሸረሪት ድር በመሰለ ጥቃቅን ጭረት ተሸፍኖ ይታያል። ይህን የሚያጠራው ፖሊሽ ነው። በእጅ መፈተግ ክንድ ያዝላል፣ ሥራውም እኩል አይወጣም፤ ማሽን የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ከመግዛት በፊት ማሽኑ የሚፍቀው ምን እንደሆነ ማወቅ ይበጃል። ከቀለሙ በላይ ክሊር የሚባል ብርሃን አሳላፊ ሽፋን አለ። ፋብሪካ በቀባው መኪና ላይ ውፍረቱ ባብዛኛው ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ነው፤ ከአንድ የፀጉር ዘለላ አይበልጥም። ቀለሙን ከፀሐይ የሚጠብቀው እሱ ነው። ፖሊሽ በጭረቱ ዙሪያ ያለውን ክሊር በጥቂቱ ፍቆ ያስተካክለዋል፤ የተፋቀው ደግሞ አይመለስም። ስለዚህ ከማሽኑ ጉልበት በፊት መታየት ያለበት የሚሳሳትን እጅ መታገሡ ነው።

ማሽኖቹ በዋናነት ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ሮታሪና ዱዋል አክሽን። የሮታሪው ስፖንጅ በአንድ ዘንግ ላይ ብቻ ይሽከረከራል። ጭረትን ቶሎ ያነሳል፤ ግን ሙቀት ያጠራቅማል። የበር ጠርዝ ላይ ትንሽ ከቆየ ክሊሩን አቃጥሎ ቀለሙ ድረስ ይዘልቃል። ብዙ ጊዜ በዋጋ ዝቅ የሚለው እሱ በመሆኑ ጀማሪን ያማልላል። የዱዋል አክሽኑ ስፖንጅ ግን በራሱ ዙሪያ እየተሽከረከረ፣ አብሮም ከመሃሉ ወጣ ብሎ ይዞራል። በተለመደው ዓይነት ላይ እጅ ሲበረታበት ወይም ጠርዝ ሲነካ ሽክርክሪቱ ይቀንሳል፤ ሙቀት አንድ ቦታ አይከማችም። ሥራው ዝግ ያለ ነው፤ ለባለመኪና የሚሆነው ግን ይኸው ነው።

ዱዋል አክሽን ሲገዙ ስፖንጁ ከመሃሉ ወጣ ብሎ የሚዞርበትን ስፋት ይጠይቁ። 8 ሚሊ ሜትር ጥምዝ ለበዛበት ትንሽ መኪና ይመቻል፤ 15 ሚሊ ሜትር ሜዳማውን ቦታ ቶሎ ይጨርሳል። የጣሊያኑ ሩፔስ ኩባንያ የታወቀበት 21 ሚሊ ሜትር በሥራው ለሚተዳደር ባለሙያ ነው። የፍጥነት መቆጣጠሪያ ይኑረው፤ የስፖንጅ መያዣው 125 ሚሊ ሜትር ቢሆን ልክ የሚሆን ስፖንጅ ማግኘት አይቸግርም። ከአሜሪካ በዘመድ የሚላክ ማሽን የሚሠራው በ120 ቮልት ነው፤ ያለ ትራንስፎርመር የእኛ 220 ቮልት ላይ ከተሰካ ሞተሩ ይቃጠላል። ብረት መቁረጫ ግራይንደር ላይ ስፖንጅ ገጥሞ ፖሊሽ ማድረግ ደግሞ ፈጽሞ አይሞከር፤ ብዙዎቹ በደቂቃ ከ10,000 ዙር በላይ ይሽከረከራሉ።

ገንዘቡን ሁሉ ማሽኑ ላይ አይጨርሱት። ለሻካራና ለለስላሳ ሥራ የሚሆኑ በርከት ያሉ ስፖንጆች ያስፈልጋሉ፤ በፖሊሽ የጠገበ ስፖንጅ መሥራት ያቆማል። በመያዣው ጠርዝ ላይ በማርከር መስመር ያስምሩ፤ ሲሠሩ መስመሩ መዞር ካቆመ እጅዎ በርትቷል፣ ቀለል አድርገው ይያዙት።

ሥራውን ሁልጊዜ በታጠበ መኪና ላይ፣ ከጥላ ሥር፣ በ50 በ50 ሴንቲ ሜትር ቦታ ይጀምሩ። መጀመሪያ ለስላሳውን ስፖንጅና ለስላሳውን ፖሊሽ ይሞክሩ፤ ጭረቱ ከጠፋ ወደ ሻካራው መሄድ ክሊር ማባከን ነው። ጋራዥ ውስጥ እንደገና የተቀባ መኪና የክሊሩ ውፍረት ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። ጥፍር የሚይዝ ጭረት ጥልቅ ነው፤ እሱን ለማጥፋት ክሊሩን ከመጨረስ ለቀለም ቀቢ መተው ይሻላል።