የኤሚሊ ሮብሊንግ ሰሌዳ

እ.ኤ.አ. በ1951 የብሩክሊን መሐንዲሶች ክበብ ከሕዝብ በተዋጣ ገንዘብ በኒው ዮርኩ ብሩክሊን ድልድይ ላይ ያኖረው የመታሰቢያ ሰሌዳ የአንድ ቤተሰብ ሦስት ሰዎችን ያነሣል፤ እነርሱም ድልድዩን የነደፈው ጆን ሮብሊንግ፣ ግንባታውን በዋና መሐንዲስነት የመራው ልጁ ዋሽንግተን እና የዋሽንግተን ባለቤት ኤሚሊ ሲሆኑ፣ ሰሌዳው የቆመው ለኤሚሊ መታሰቢያ ነው።

ጆን ከጀርመን የተሰደደና በተንጠልጣይ ድልድይ፣ ማለትም መንገዱን በማማዎች ላይ የተዘረጉ ወፍራም የሽቦ ገመዶች በሚሸከሙት ድልድይ፣ ስም ያተረፈ መሐንዲስ ነበር። በ1869 የግንባታውን ቦታ ሲቀይስ ጀልባ እግሩን ጨፍልቆት በመንጋጋ ቆልፍ ሞተ። በእርሱ ቦታ የተተካው ልጁ የማማዎቹን መሠረት ከወንዙ ወለል በታች ለማኖር በካይሰን ተጠቀመ፤ ካይሰን ታቹ ክፍት የሆነ ግዙፍ የእንጨት ሣጥን ሲሆን፣ ውኃ እንዳይገባበት የታመቀ አየር ይሞላበታል፣ ሠራተኞችም ውስጡ ሆነው አፈሩን በቆፈሩ መጠን ከላዩ በሚካበው ድንጋይ ክብደት እየሰጠመ ይሄዳል። ከዚያ አየር በፍጥነት የወጣ ሰው ግን በደሙ ውስጥ የሟሟው ናይትሮጅን አረፋ እየሆነ መገጣጠሚያውንና ነርቩን ይጎዳዋል፤ ዋሽንግተንን በ1872 አልጋ ላይ ያዋለው ይኸው ሕመም ነው።

ከዚያ ወዲያ እስከ ፍጻሜው ድረስ የባሏን መመሪያ ወደ ግንባታው ቦታ የምታደርሰው፣ ደብዳቤውን የምትጽፈው፣ ከመሐንዲሶችና ከባለሥልጣናት ጋር የምትነጋገረው ኤሚሊ ነበረች። ይህን ተራ መልእክተኛነት ማለት ስሕተት ነው፤ ምክንያቱም ስለ ቁሳቁስ ጥንካሬ፣ ስለ ገመድ አሠራርና ስለ ጭነት ስሌት አጥንታ የምትናገረውን የምታውቅ ሆና ነበር። በ1882 ዋሽንግተንን ከኃላፊነቱ ለማንሣት ሙከራ ሲደረግም በብርቱ ተሟግታለታለች።

በማማዎቹ መካከል 486 ሜትር የሚዘረጋውና በዘመኑ በርዝመት አቻ ያልነበረው ተንጠልጣይ ድልድይ በግንቦት 1883 ሲመረቅ፣ ፖለቲከኛው ኤብራም ሂዊት ባሰማው ንግግር ሥራው የአንዲት ሴት መሥዋዕትነት ብቻ ሳይሆን፣ ሴቶች ለረጅም ጊዜ ለተከለከሉት ከፍተኛ ትምህርት ያላት ብቃትም ምስክር እንደሆነ ተናገረ። ከ68 ዓመት በኋላ የተጻፈው ሰሌዳ እምነቷን፣ ድፍረቷንና ራስን አሳልፎ መስጠቷን ያወድሳል፤ ስለ ትምህርቷ የሚናገረው የሂዊት ሐሳብ ግን አንድ ቃል እንኳ አልተቀረጸለትም።