ሰዓቱን ማን ይንገረን? የኮምፒውተር ሰዓትና ምንጮቹ

ኮምፒውተሮች ሰዓታቸውን በኔትወርክ የሚያስተካክሉበት ኤን.ቲ.ፒ. የመጀመሪያ ሰነዱ በአውሮፓውያኑ 1985 ከወጣ 40 ዓመት ሞልቶታል። በግላኮማ ምክንያት ዓይናቸው ከልጅነት ጀምሮ የደከመው፣ በኋላም ብርሃናቸውን ጨርሶ ያጡት የኤን.ቲ.ፒ. ፈልሳፊ አሜሪካዊው ዴቪድ ሚልስ ሥራቸውን ለአሥርት ዓመታት ሲያሻሽሉ ኖረው በጥር 2016 ዓ.ም. አረፉ። ከሥራቸው ሁሉ እኔን የሚማርከኝ የትኛውንም ሰዓት ነጋሪ ብቻውን አለማመናቸው ነው።

በደቡብ ጎንደር፣ ይፋግም ሆነ ደብረ ታቦር፣ መብራት ሲጠፋና ሲመጣ የማዘርቦርዱ ባትሪ የሞተበት ኮምፒውተር የድሮ ቀን ይዞ ይነሣል። ብሮውዘሩ ድረ ገጽ አልከፍትም ይላል፤ የደረሰኝ ቀን ይዛባል። ኢንተርኔት ካለ ወዲያው ይታረማል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ግን በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ያኔ ማሽኑ የሚቆጥረው በራሱ ክሪስታል ነው፤ ክሪስታሉ ከሚሊዮን 20 ቢሳሳት በቀን 1.7 ሰከንድ፣ በወር ወደ አንድ ደቂቃ ይዛነፋል።

ስንት ምንጭ ይበቃል? ክርክሩ እዚህ ላይ ነው። አንድ ከሆነ የሚያርመው የለም። ሁለት ሆነው ከተለያዩ ማን እንደተሳሳተ አይታወቅም። ሦስት ሲሆኑ እንደ ሽማግሌዎች ሁለቱ አንዱን ይረታሉ፤ አራተኛው አንዱ ቢጠፋ እንኳ ሦስት እንዲቀሩ ነው። ኅዳር 10 ቀን 2005 ዓ.ም. የአሜሪካ ባሕር ኃይል ኦብዘርቫቶሪ ሰርቨሮች «ቲክ» እና «ቶክ» ወደ አውሮፓውያኑ 2000 ዓመት ተመለሱ። በእነሱ ብቻ ከተማመኑት ድርጅቶች አንዳንዶቹ አብረዋቸው ተመለሱ። ሁለት ስም ቢኖራቸውም ቤታቸው አንድ ነበር።

ስለዚህ ከቁጥሩ ይልቅ ነጻነታቸው ይበልጥብኛል። አራት የኢንተርኔት ሰርቨር ጽፈን መስመሩ አንድ ከሆነ፣ መስመሩ ሲቆረጥ አራቱም ይጠፋሉ። ለደቡብ ጎንደር ቢሮዎች የምመክረው ጣሪያ ላይ የጂ.ፒ.ኤስ. መቀበያ ተክሎ፣ አንድ ማሽን ለቀሩት ሰዓት እንዲያድል ማድረግ ነው። ጂ.ፒ.ኤስም ብቻውን አይታመንም፤ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. የሳምንት ቆጣሪው ከ1024 ሳምንት በኋላ ወደ ዜሮ ሲመለስ አንዳንድ ያረጁ መቀበያዎች 20 ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ሄደዋል።

ፋብሪካና የአክሲዮን ገበያ የሚፈልጉት፣ ከኤን.ቲ.ፒ. ይልቅ ረቂቅ የሆነው የሰዓት ማስተካከያ ፒ.ቲ.ፒ. ለእኛ ቢሮዎች አያስፈልግም። ሰዓቱን ከምድር መሽከርከር ጋር ለማስማማት አልፎ አልፎ የሚጨመረው፣ እስከ አውሮፓውያኑ 2035 እንዲቀር የተወሰነው የጭማሪ ሰከንድም አያሳስበንም። የሚያሳስበው ኮምፒውተሩ የእኛን የሰዓት አቆጣጠር እንዲያሳይ ብሎ ሰዓቱን በእጅ 6 ሰዓት ወደ ኋላ መጎተት ነው፤ የጊዜ ክልሉ የአዲስ አበባ ሆኖ ይቀመጥ።

ሊኑክስ ላይ የሰዓት ማስተካከያውን ፕሮግራም ክሮኒን የሚጭን ሰው በማዋቀሪያ ፋይሉ ውስጥ «ሚንሶርስስ 2» ብሎ ይጻፍ፤ ሁለት የሚታመኑ ምንጮች ካልተገኙ ሰዓቱ አይነካም። ከዚያ «ክሮኒሲ ሶርስስ» ብሎ ዝርዝሩን ይይ፦ ኮከብ ያለበት የተመረጠው ነው፣ የጥያቄ ምልክት ያለበት አሁን የማያገለግለው፣ ኤክስ ያለበት ደግሞ ከብዙኃኑ የተለየው።